ጀርባ የሚሰነጥቅ የደረት ሕመም ሲመጣ ዲ-ዳይመርን እንዴት እንጠቀምበት?

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ ነው። አኦርታ ከልብ ተነስቶ ለመላ ሰውነት ደም የሚያደርሰው ትልቁ ቧንቧ ነው። የውስጠኛው ግድግዳው ተቀዶ ደም በንብርብሮቹ መካከል ሲገባ፣ «አዎ፣ ተቀዷል» ብሎ የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። እሱን የሚያሳየው በኮንትራስት (ደም ሥር ውስጥ በሚሰጥ ማቅለሚያ) የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። የደም ምርመራው ዲ-ዳይመር፣ ማለትም የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣው ቅንጣት ልኬት፣ የሚረዳን ሌላ ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ይህ ሰው ሲቲ ሳይነሳ ቢቀር ያሰጋል ወይ?

ስለዚህ ደም ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ዳስሱ። ሕመሙ ቀስ እያለ መጣ ወይስ በአንዴ? ሰውየው «ውጋት ነው» ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ቤተሰቡም «ጨጓራ አለበት» ይላችኋል። ታገሱና አስጨርሱት። የደም ግፊቱን በሁለቱም ክንድ ለኩ፣ የአራቱንም እጅና እግር ትርታ ዳስሱ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ነው፤ የሚወስደው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከዚያ ነጥብ ስጡ። ሦስት ጥያቄ ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ። የመጀመሪያው የቆየ ታሪክ ነው፦ ማርፋን ሲንድረም (የሰውነትን አያያዥ ሕብረ ሕዋስ የሚያላላ የዘር በሽታ)፣ በቤተሰብ ውስጥ የአኦርታ ችግር፣ የታወቀ የአኦርታ ቫልቭ በሽታ ወይም ደረት ውስጥ ያለው አኦርታ መስፋት፣ በቅርቡ አኦርታ ላይ የተሠራ ሥራ። ሁለተኛው የሕመሙ ጠባይ፦ ድንገተኛ፣ ከባድ ወይም የሚቀድ። ሦስተኛው በምርመራ የምታገኙት፦ የጠፋ ትርታ ወይም ከ20 በላይ የሆነ የግፊት ልዩነት በሁለቱ ክንዶች፣ ከሕመሙ ጋር የመጣ የአንድ ወገን ድክመት፣ አዲስ የቫልቭ ድምፅ፣ የወረደ ግፊት። የደም ግፊት በሽታ ነጥብ ውስጥ የለም። ግን አብዛኞቹ ሕሙማን ግፊት ያለባቸው ናቸው፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ሲመጣ በሐሳባችሁ ይኑር።

ነጥቡ 2 ወይም 3 ከሆነ ዲ-ዳይመር አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ ሲቲ፣ ሲቲ ከሌለ በቀጥታ ሪፈር። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ቢመጣ እንኳ እዚህ ላይ ልባችሁን ሊያሳርፍ አይገባም።

ነጥቡ 0 ወይም 1 ሆኖ ጥርጣሬው ካለ ግን ዲ-ዳይመር ላኩ። ከ500 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ መቀደዱ የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በ4 አገሮች 1,850 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አለ። ነጥባቸው ከ1 ያልበለጠና ዲ-ዳይመራቸው ዝቅ ያለ 924 ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ ያመለጡት 3 ብቻ ናቸው።

መለኪያውን ግን አደራ። ይህ 500 «ኤፍ-ኢ-ዩ» በሚባለው መለኪያ ነው። የእናንተ ማሽን «ዲ-ዲ-ዩ» የሚሰጥ ከሆነ ወሰኑ ወደ 250 ይወርዳል፤ በማይክሮግራም የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ያው 500 ራሱ 0.5 ሆኖ ይመጣል። ዛሬውኑ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከፍ ካለስ? ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ወባ፣ የሳንባ ምች፣ እርግዝና፣ ካንሰር፣ የሳንባ ደም መርጋት፣ እርጅናም ከፍ ያደርጉታል፤ በኛ አካባቢ ደግሞ ወባው የተለመደ ነው። ከፍ ካለ ቀጣዩ ሲቲ ነው። ዝቅ ብሎም የሚያታልልበት ጊዜ አለ፦ ቀዳዳው አጭር ሲሆን፣ ደሙ በግድግዳው ውስጥ ረግቶ ሲዘጋ፣ በወጣቶች ላይ፣ ወይም ሕመሙ ከጀመረ ሲቆይ። ይበልጥ የሚታመነው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ከደቅ ደሴት ታሞ አድሮ፣ ጀልባ ጠብቆ የሚመጣ ሰው ይህ ጊዜ ሊያልፍበት ስለሚችል ሰዓቱን ሳታጣሩ «ኔጋቲቭ ነው» ብላችሁ ወደ ቤቱ እንዳትልኩት።

ከሁሉም በላይ የምፈራው የትሮፖኒንን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣውን ፕሮቲን) ወጥመድ ነው። መቀደዱ የልብን የደም ሥሮች ከነካ ትሮፖኒን ከፍ ይላል፣ ኢሲጂውም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) የልብ ጡንቻ ሞት ይመስላል፤ ያኔ ሄፓሪን ወይም ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የጀመርንለት ሰው ደም ሊፈስበትና ልናጣው እንችላለን። ሕመሙ ጀርባ ከሄደ፣ ትርታውም ከተለያየ፣ ትሮፖኒን ከፍ አለ ብላችሁ አትቸኩሉ።

የቀሩት ለዝግጅት ናቸው። ሄሞግሎቢን፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ካለ ላክቴት። የደም ዓይነትና ክሮስማች (የሚሰጠው ደም ከሕመምተኛው ጋር መስማማቱን ማየት) አትርሱ። ክሪያቲኒን አልደረሰም ተብሎ ግን ሲቲ አይዘገይም።

ሕመሙን አስታግሱ። ግፊቱ ከፍ ካለ መጀመሪያ የልብ ምቱን የሚያቀዘቅዘውን ቤታ ብሎከር ስጡ፤ ግቡ ምት ከ60 በታች፣ የላይኛው ግፊት ከ100 እስከ 120 ነው። ግፊት የሚያወርደው ሃይድራላዚን ብቻውን ሲሰጥ ልቡን ስለሚያስሮጠው መቀደዱን ያባብሰዋል።

ሪፈር ስትጽፉ ተቀባዩ ጋ ደውላችሁ ሲቲው እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ወረቀቱ ላይ የሁለቱን ክንድ ግፊት፣ ነጥቡን፣ ዲ-ዳይመሩን ከነመለኪያው አስፍሩ። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትም በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ ጻፉ፤ «2:00» ብቻ ከተባለ ተቀባዩ ሐኪም 6 ሰዓት ሊሳሳት ይችላል።