ለስለስ ያለ እንቁላል በኦቨን፦ ደሴ ላይ እንዴት ይሰራል?

ደሴ ላይ እንቁላል ሰዓት እያዩ መቀቀል አያዛልቅም። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ወደ 94 ይጠጋል። ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ «6 ደቂቃ ቀቅሉ» የሚል መመሪያ ደሴ ውስጥ ጦሳ ተራራ ስር ላለ ቤት አይሆንም። ስትልጡት ነጩ ገና ፈሳሽ ነው። ኦቨን ሲሆን ግን እንቁላሉ ያለ ቅርፊቱ ስለሚገባ መድረሱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ለአንድ ሰው አንድ የፈረንጅ ወይም ሁለት ያበሻ እንቁላል ይበቃል። ከእሱ ሌላ የሚያስፈልገው ትንሽ ንጥር ቅቤና ጨው ነው። እኔ ያበሻውን እመርጣለሁ፤ አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ነው፣ ጣዕሙም ይለያል። ብቻ ትኩስ መሆን አለበት። ከሰኞ ገበያ ስትመለሱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ጋደም ካለ ትኩስ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰንብቷል፣ ለፍርፍር አድርጉት። ከተንሳፈፈ ጣሉት።

ኦቨኑን 180 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ አሙቁ። የደሴ ሌሊት ስለሚበርድ ጓዳ ያደረ እንቁላል ከፍሪጅ እንደወጣ ነው። ኦቨኑ እስኪግል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት።

እሳት የሚችል ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ወይም ወፈር ያለ የሻይ ኩባያ አዘጋጁ። ስንጥቅ ያለበትን ተዉት። ውስጡን ቅቤ ቀቡና አስኳሉ እንዳይፈርስ እንቁላሉን ቀስ ብላችሁ ስበሩበት። ጨው ነጩ ላይ ብቻ ነስንሱ፣ አስኳሉ ላይ ሲያርፍ ነጠብጣብ ያወጣል። ስልባቦት ካላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በዳር በዳሩ ጨምሩ። ከሌለም አይጎድልበትም።

አሁን ኩባያዎቹን ጎድጎድ ያለ ትሪ ላይ ደርድሩና እስከ ግማሻቸው ድረስ ሙቅ ውሃ ትሪው ላይ አፍስሱ። ይህን አትዝለሉ። የእንቁላል ነጭ 60ዎቹ ዲግሪ ውስጥ መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ደግሞ 70 አካባቢ ይጠነክራል። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ኦቨኑ የፈለገውን ያህል ቢግል ትሪው ላይ ያለው ውሃ ደሴ ውስጥ ከ92 አያልፍም፤ ስለዚህ ነጩ ከዳር ጎማ ሳይሆን እኩል ይበስላል። ሲቀቀል ያስቸገረን ከፍታ እዚህ ላይ ይጠቅመናል።

ኦቨናችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዓይነት ከሆነ የላይኛውን ሽቦ አጥፉት። የማይጠፋ ከሆነ ኩባያዎቹን በፎይል ሸፍኑ፣ አለበለዚያ ላይ ላዩ ይደርቃል።

10 ደቂቃ ሲሞላ ከፈት አድርጋችሁ ኩባያውን በጨርቅ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ሁሉም ከተንቀጠቀጠ ዝጉት። ዳሩ ረግቶ መሃሉ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ሊደርስ ነው። ከዚያ በአስኳሉ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ተመልከቱ። ብርጭቆ መስሎ የሚያሳልፍ ከሆነ ገና ነው። ወተት መስሎ ሲነጣና አስኳሉ ስስ ሽፋን ሲለብስ በቃ። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ያበሻው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፣ ሰዓቱን ሳይሆን ቀለበቱን እመኑ።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ (ይሄዳላ!) በሩን አትክፈቱ። ኦቨኑም ውሃውም የያዙት ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል።

እንደደረሰ ወዲያው ከውሃው አውጡት፣ እዚያው ከቆየ መብሰሉን ይቀጥላል። ሁለት ደቂቃ አሳርፉና ሚጥሚጣ ነስንሳችሁ በድፎ ዳቦ እያጠቀሳችሁ ብሉ። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ግን አስኳሉ እስኪጠነክር አቆዩት፤ ያልበሰለ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

ኩባያውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ። ሙቅ ውሃ የቀረውን እንቁላል ይበልጥ ያጣብቀዋል።