ክራር ለብቻ ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክራር ያለ አስተማሪ አይለመድም የሚልዎትን አይስሙ። ይለመዳል። የአዝማሪ ልጅስ ማሲንቆውን የሚለምደው አባቱን እያየ አይደል? ልዩነቱ ያ ልጅ ሲስት "ኧረ ተው፣ ወጣህ!" የሚለው ሰው አጠገቡ መኖሩ ነው። ከስልክ ቪዲዮ ለሚማር ሰው ግን ስልኩ እንዲህ አይለውም። ለብቻ የሚለማመድ ሰው ስህተትም ባብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ቅኝቱን ለስልክ መቃኛ መተግበሪያ መተው። መተግበሪያው አረንጓዴ ሲያበራ ጀማሪው ወደሚቀጥለው ክር ያልፋል፤ በሁለቱ ክሮች መካከል ያለውን ርቀት ግን አልሰማም። የትዝታን ቅኝት ከአምባሰል ቅኝት የሚለየው ደግሞ ይኸው ርቀት ነው። በትዝታ ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ድምፅ በአንድ ሙሉ እርከን ከፍ ይላል፤ በአምባሰል በግማሽ እርከን ብቻ። ይህን ጆሮው ያልለየ ሰው አዲስ የናይለን ክር እየላላ ሲወርድበት አይታወቀውም፤ ሰዓቱን ሙሉ የተበላሸ ቅኝት ሲመታ ይውላል። የመጀመሪያውን ክር በመተግበሪያው ይቃኙ፣ የቀሩትን እያንጎራጎሩ በጆሮዎ ያግኙ።

ቀኝ እጅን ብቻ መቅዳት። ቪዲዮ ላይ ዓይን የሚስበው መግረፊያውን የያዘው እጅ ነው። ከባዱ ሥራ ግን የግራው ነው፤ ቀኙ ክሮቹን ሁሉ ሲገርፍ መሰማት የሌለባቸውን በጣት አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው። እዚህ ላይ አስተማሪ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ለዓመት አይደለም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሄደው "ጣቴን ይዩልኝ" ማለት ይበቃል። ሲያሞግስዎት ብቻ የሚውል አስተማሪ ከገጠመዎት ግን ገንዘብዎን ይያዙ።

ሁልጊዜ ለብቻ መጫወት። ዘፋኝ ያጅቡ። ድምፁ ሲከብደው "ቅኝቱን ዝቅ አድርግልኝ" ይልዎታል፤ ያኔ የሚያውቁትና የሚያስመስሉት ይለያል።

የማስመሰል ነገር ከተነሳ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንድ ቅኝት ሳያጠሩ "ፊውዥን" (የሙዚቃ ስልቶች ቅልቅል) ማለት አለ። ባለ 6 ክሩን ክራር ታቅፎ ቪዲዮው ሥር "የዳዊት በገና" ብሎ መጻፍም አለ፤ በገናማ 10 አውታር ያለው፣ ለጸሎትና ለምስጋና የሚደረደር ሌላ መሣሪያ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን "አራተኛው ክርህ ወርዷል" ሲባል "የኔ ስታይል ነው፣ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት" የሚለው መልስ ነው። ስታይል ከሆነ ድገመው ይባላል። አውቆ ያወረደው ሰው ክሩን ያስተካክልና እንደገና እዚያው ቦታ ያወርደዋል። ሳያውቅ የወረደበት ስለ "ነፃነት" ማውራት ይጀምራል።