ወሬው ከጉንፋኑ ቀድሞ ደሴ ሲገባ

በ2001 ክረምት ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። ሰኔ ነው። ጦሳ ጉም ለብሷል። ፒያሳ ላይ ከሚያልፈው ሰው ግማሹ ያስነጥሳል፤ ግማሹ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ደሴ በክረምት ሁሌም እንዲህ ናት። የዚያን ዓመት አዲሱ ነገር ስሙ ነበር። ባንኮኒው ላይ ክርኑን ያሳረፈ ሁሉ «የአሳማ ጉንፋን ገባ አሉ፤ እውነት ነው?» ይለኛል።

አንድ ቀን ከሐይቅ ከተማ አለፍ ካለ ገጠር አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን እጁን ይዘው መጡ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። ሳልቡታሞል ሽሮፑን ከእኔ ነው የሚወስዱለት። እሳቸውም ያንኑ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ነገሩን ቀለል አድርጌ፣ «አባ፣ እኛ አሳማን ከየት እናውቀዋለን? እስላሙ አይበላ፣ ክርስቲያኑ አይበላ!» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወጡ።

ተሳስቼ ነበር። ለጤና ባለሙያ የተበተነ አንድ ወረቀት ከቀናት በኋላ እጄ ገባና አነበብኩት። ቫይረሱ ዘሩ ከአሳማ ይምጣ እንጂ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ በሳል፣ በማስነጠስ፣ በእጅ። ሰው ከበላው ሥጋ ጋር አይገናኝም። የባሰው ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ይበልጥ ሊጎዱ ይችላሉ» ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና የአስም ሕመምተኞች ነበሩበት። ያ ልጅ ሁለቱንም ነው።

አባትዬው ሲመለሱ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ተክዘው፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ አሳቅሽኝ፤ ዛሬ ደግሞ ታስፈራሪኛለሽ። የቱን ልመን?» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው። ያኔ የሰጠኋቸው መልስ ግማሽ ነበር።

መጀመሪያ ወሬውን አበጥሩት

ወሬ ቡና ላይ እንዴት እንደሚያድግ ወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል። አቦል ላይ አንድ ሰው ታሟል። ቶና ላይ ሦስት ይሆናሉ። በረካ ሲቀዳ ሸዋ በር በሙሉ አልጋ ላይ ነው። ሆን ብሎ የዋሸ የለም። ሰው ሲፈራ የሰማውን ጨምሮ ነው የሚያቀብለው።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሳችሁ «ማን መረመረው?» በሉ። የአሳማ ጉንፋንን ከሌላው ጉንፋን በዓይን የሚለይ የለም። እኔም አልለየውም፤ ሐኪምም አይለየውም። ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። «ኧረ ማንም አልመረመረው፤ ግን ምልክቱ እሱው ነው» ካሏችሁ ያ ሰው ጉንፋን ይዞታል፣ አለቀ። ስሙን ለጎረቤት አታዳርሱ።

ከሬዲዮና ከስልክ የሚመጣውም ቢሆን ማበጠር ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን 2001 ወረርሽኙን ደረጃ 6 ሲለው «መጨረሻው ደረጃ ደረሰ» ተብሎ ብዙ ሰው ደንግጦ መጣብኝ። ደረጃው የሚናገረው ግን በሽታው ምን ያህል ዓለምን እንዳዳረሰ ነበር፤ ምን ያህል ይገድላል የሚለውን አልነበረም። ቁጥሩም እንዲሁ ነው። በላቦራቶሪ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሟች በዓለም ዙሪያ ከ18 ሺህ ትንሽ በለጥ ይላል። በኋላ ተመራማሪዎች ያልተመረመረውንም ገምተው ሲያሰሉ ከ151 ሺህ እስከ 575 ሺህ ደረሰ። አንዱን የሰማ ሌላውን የሰማውን «ውሸታም» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ የተቆጠረው ነው፣ ሌላው የተገመተው።

ስሙም ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እኔን ጨምሮ። ግብፅ በዚያው ሚያዝያ አሳማዎቿ በሙሉ እንዲታረዱ አዘዘች። በሽታው ግን ግንቦት ሳያልቅ ሰው ላይ ተገኘ። እኛ አገርም በሰኔ ታየ። «አሳማ አልነካሁም» የሚል መተማመኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ጣሉት።

ቤት ውስጥ

አብዛኛው ሰው በዚህ ጉንፋን ሳምንት ተኝቶ ይነሳል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ቁርጥማት፣ አንዳንዴም ትውከትና ተቅማጥ አለው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ የታመመውን ማስታመምና ሌላውን ቤተሰብ ማትረፍ ነው።

«ለብቻው ክፍል ስጡት» የሚል ምክር ስሰማ ይገርመኛል። ስንቱ ቤት ነው ሁለት ክፍል ያለው? አንድ ክፍል ከሆነ በሽተኛውን መስኮቱ ሥር አስተኙት። ሌሎቹ ራስጌያቸውን ወደ እሱ እግር ያዙሩ፤ ትንፋሽ ለትንፋሽ አትተኙ። ቀን ቀን መስኮቱም በሩም ይከፈት። ብርድ ነው ካላችሁ ብርድ ልብስ ጨምሩለት። አስታማሚ አንድ ሰው ይሁን። ነፍሰ ጡር ግን አታስታምም።

እጅ በውሃና በሳሙና፣ ሃያ ሰከንድ ያህል ይታጠብ። ማስታጠቢያውን ምግብ ላይ ብቻ አታውጡት፤ በር አጠገብ ይቀመጥ። ለበሽተኛው የራሱ ሲኒና ሳህን ይኑረው። አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሙኝ፤ ረከቦት ሥር ባለች አንዲት ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አሥር ሲኒ አለቅልቆ ለአሥር ሰው መቅዳት በጉንፋን ወራት ይቅር። ሙቅ ውሃና ሳሙና ከባድ አይደለም። ጉርሻም ለሁለት ሳምንት ቢቀር ፍቅር አይቀንስም።

በሽተኛው ይጠጣ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሻይ፣ ውሃ፤ ያገኘውን። የሚያስመልሰው ወይም የሚያስቀምጠው ከሆነ ኦ አር ኤስ በጥብጡለት፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ ብቻ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለልጅ ግን በክብደቱ ነው፣ መድኃኒት ቤት ጠይቁ። አስፕሪን ለልጅ አትስጡ፤ ከጉንፋን ጋር ሲገናኝ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ነገር ሊያስከትል ይችላል።

አሞክሳሲሊን! እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ክረምት ከማስክ ቀጥሎ በብዛት የተጠየቅኩት እሱን ነው። «ሁለት ፍሬ ብቻ ስጪኝ» ይላሉ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ ሁለት ፍሬው ደግሞ ባክቴሪያም አይገድልም፣ ያለማምደዋል እንጂ። ከጉንፋኑ በኋላ የሳምባ ምች ከመጣ ያን ጊዜ ሐኪም አይቶ ያዝዘዋል። ለዚህ ቫይረስ የሚሠራው ኦሴልታሚቪር ነው፤ ታሚፍሉ የሚባለው። እሱም በሐኪም ትእዛዝ ነው። ይበልጥ የሚረዳው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ አስም፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ትኩሳትና ሳል ሲጀምረው «እስቲ ይለፍልኝ» ብሎ አይጠብቅ። በመጀመሪያው ቀን ይታይ።

ዳማከሴውን ማሽተት ይቻላል፣ እናቴም ታሸተኝ ነበር። ዝንጅብሉም በሻይ ጥሩ ነው። ጭስ ግን አይሆንም። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝባችንን ሲፈጅ ያ መቅሰፍትም እንደ አሳማ ጉንፋኑ ኤች1ኤን1 ከሚባለው የጉንፋን ቫይረስ ወገን ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ግቢ ማጽዳቱን እወድደዋለሁ። በሽተኛ የተኛበትን ቤት ማጠን ግን የቆሰለ ሳምባ ላይ ጭስ መጨመር ነው።

ጠያቂውን እንዴት እንመልሰው?

ወሎ ውስጥ ከበሽታው ይልቅ ይሄ ያስቸግራል። ሰው ታመመ ሲባል ወተት ተይዞ፣ እንቁላል ተይዞ ይመጣል። «አትግቡ» ማለት ነውር ነው። እኔ የተማርኩት ዘዴ ጥፋቱን ወደ ራስ መውሰድ ነው። «እኔንም ጉንፋን ጀምሮኛል፣ እንዳላስይዝዎት» በሉ። ይህን ሰምቶ የሚቀየም አላየሁም። ጠያቂው በር ላይ ቆሞ «አብሽር! አላህ ያሽርህ»፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ቢመለስ ጠይቋል። ሰላምታም ላይ እንዲሁ ነው። ጉንጭ ለመሳም ሲጠጓችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና ጉንፋናችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ።

ለምን ያህል ጊዜ? ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እስኪያልፍ ቤት ይቆይ። ትምህርት ቤትም፣ ሰኞ ገበያም፣ መስጊድም፣ ቤተ ክርስቲያንም እስከዚያ ይጠብቁታል።

የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ መስኮት የሚከፍት ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ዝጋው፣ ምች ይመታናል!» ሃያ ሰው ተጣቦ፣ አንዱ እያሳለ፣ መስኮቱ ድፍን! ከሰው አልጨቃጨቅም። ቀድሜ ገብቼ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ፣ ጋቢዬን እደርባለሁ፣ ሦስት ጣት ያህል እከፍታለሁ። ብርዱ እኔን ነው የሚያገኘኝ፤ ማንም አይናገረኝም።

ማስክን በተመለከተ፣ ለሁሉም የሚበቃ ከሌለ ቅድሚያ ለሚያስለው ስጡ። እኔ ያን ጊዜ ደንግጬ በእጥፍ ዋጋ አንድ ካርቶን ገዛሁ፤ ወሬው በረደና እስከ መስቀል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቀረ። የደነገጠ ነጋዴ እንዲህ ይከስራል።

ትንፋሽ መቁጠር

ወደ አባትዬው ልመለስ። «የቱን ልመን?» ሲሉኝ ወሬ በወሬ ከምመልስ አንድ ነገር ላሳያቸው አልኩ። ልጁን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥነው። ብስኩት እየበላ ስለነበር እስኪጨርስ ጠበቅን፤ የሚበላ፣ የሚያለቅስ ወይም የሮጠ ልጅ ትንፋሹ አይቆጠርም። ሹራቡን ወደ ላይ ሰበሰብኩት። «ሆዱን ይዩ፣ ከፍ ሲል አንድ ይበሉ» አልኳቸው። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት የለም፤ ሙሉ ደቂቃ ነው።

በከንፈራቸው ቆጠሩ። «ሃያ ስምንት።»

ደህና ነው አልኳቸው። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 ከሞላ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለው 50፣ ከሁለት ወር በታች ላለው 60። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ቀስቅሳችሁት በደንብ ካልነቃ ቁጥርም አያስፈልግም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ተነሱ። ለአዋቂ ደግሞ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ መቀባዠርና የማያቋርጥ ትውከት ነው። ተሽሎት ተነስቶ ትኩሳቱ እንደገና የተመለሰበትም ሰው ይሂድ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

«ሌሊት አርባ ከሞላስ? ከእኛ ቀዬ ሌሊት መኪና የለም» አሉኝ።

ይህንን ወረቀቱ ላይ አላነበብኩትም ነበር። አብረን አሰብን። መኪና ያለው ማን ነው? ሐይቅ ላይ የሚያድር የአይሱዙ ሾፌር፣ የእህታቸው ልጅ፣ አለ። «ዛሬ ሲመለሱ ይንገሩት፤ ስልኩን ከጎረቤት ያስጽፉ፤ ለመኪናው የሚሆን ብር ለብቻው ይቀመጥ» አልኳቸው። እናንተም ልጁ ሳይታመም ይህን ጨርሱ። የጤና ኤክስቴንሽኗን ቤት እወቁ፤ ጤና ጣቢያው ሌሊት ተረኛ እንዳለው ጠይቁ።

ወረርሽኙ ነሐሴ 4 ቀን 2002 አበቃ ተባለ። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፤ ከተራው የየዓመቱ ጉንፋን ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም ይዞራል።

አባትዬው ሽሮፑን ኪሳቸው ከተቱ። ልጁን አወረድኩት። ሰዓቴን እንዲመልሱልኝ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ሹራቡን መልሰው ገልጠው፣ «ቆይ ልጄ፣ አንዴ ልድገመው» አሉ።