ማውስ ሳትነኩ ስራ መጨረስ፣ የኤፍ ቁልፎች አጠቃቀም

እኔ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ፅሁፍ ቤት ነው የምሰራው፣ የተመራቂዎች ሪሰርች የሚጎርፍበት ሰሞን ወንበር አይገኝም። አንድ ማታ ታዲያ ማውሱ ቀጥ አለ፣ ሱቁ ሁሉ ዘግቷል፣ ልጅቷ ደግሞ ጠዋት 2 ሰአት ላይ ነው የማስረክበው ብላ ፍላሿን ይዛ አጠገቤ ቆማለች፣ ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ስለሆነ በጣት የሚነዳበት ነገር የለውም። ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ድረስ ከላይ የተደረደሩትን ቁልፎች ከልቤ የተማርኳቸው ያን ሌሊት ነው። አሁን ማውስ እያለም ቢሆን እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደነሱ ነው፣ ስራው በጣም ነው የሚፈጥነው፣ ስለዚህ ለስራዬ የሚጠቅሙኝን ልንገራችሁ። 12ቱንም በአንዴ ለመሸምደድ አትሞክሩ፣ ለስራችሁ የሚሆኑትን ሶስት አራቱን ያዙና ለሳምንት በግድ ተጠቀሙባቸው፣ ከዛ እጃችሁ ራሱ ይለምዳል።

ላፕቶፕ ያላችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ። ብዙ ሰው ኤፍ2ን ስጫነው ብርሀኑ ነው የሚቀንሰው፣ ድምፁ ነው የሚጠፋው ብሎ ይተወዋል። ቁልፉ አልተበላሸም፣ ላፕቶፕ ላይ አንዱ ቁልፍ ሁለት ስራ ስላለው ነው። ከታች በግራ በኩል ኮንትሮል አካባቢ ኤፍኤን የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ይዛችሁ ኤፍ2ን ስትጫኑ ትክክለኛው ኤፍ2 ይሰራል። ሁልጊዜ መያዙ ከሰለቻችሁ ኤስኬፕ ላይ የጋን ቁልፍ ስእል ወይም ኤፍኤን ሎክ የሚል ፅሁፍ እንዳለ እዩ፣ ካለ ኤፍኤንን ይዛችሁ ኤስኬፕን አንዴ ተጫኑ፣ ይገለበጣል፣ ከዛ በኋላ ኤፍኤንን ሳትይዙም ትክክለኛው ኤፍ2 ይሰራል። ብዙ ዴልና ሌኖቮ ላይ እንደዚህ ነው። አንዳንድ ኤችፒ ላይ ግን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ገብታችሁ አክሽን ኪስ ሞድ የሚለውን ማጥፋት አለባችሁ፣ ሲነሳ ኤፍ10ን ደጋግማችሁ ስትጫኑ ባዮስ ይገባል፣ ሌላውን እንዳትነካኩ ብቻ።

ኤፍ2 ስም መቀየሪያ ነው። ፋይሉን መርጣችሁ ኤፍ2፣ ስሙን መፃፍ፣ ኢንተር፣ አለቀ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እዛው ስም እየፃፋችሁ በኢንተር ፋንታ ታብን ብትጫኑ ቀጥሎ ያለው ፋይል ራሱ ለስም ቅየራ ይከፈታል፣ የ40 ተማሪ ፎቶ በስም በስሙ ለማድረግ እንደሱ የሚያሳርፍ የለም። ኤክሴል ላይ ደግሞ ኤፍ2 ሴሉ (የምትፅፉበት አንዱ ሳጥን) ውስጥ ያስገባችኋል፣ የተፃፈውን ሳታጠፉ አንድ ፊደል ለማስተካከል ማለት ነው።

አሁን ኤፍ4፣ ይሄንን ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። አንድ እቃ የሚሸጡ ሰውዬ የዋጋ ዝርዝራቸውን ይዘው መጡ፣ ኤክሴል ላይ ቫቱን 15 ፐርሰንት ኢ1 (ኢ የሚለው አምድ አንደኛ ረድፍ) ላይ ፅፈዋል፣ ዋጋው ቢ5 ላይ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ልክ ይወጣል ወደ ታች ሲጎትቱት ግን ሁሉም ዜሮ ይሆናል። ምክንያቱም ወደ ታች ስንጎትት ኤክሴል ኢ1ን ወደ ኢ2፣ ኢ3 እያለ አብሮ ያወርደዋል፣ እዛ ደግሞ ምንም የለም። «ጋሼ፣ ፎርሙላው ውስጥ ኢ1 የሚለው ላይ ይቁሙና ኤፍ4ን አንዴ ይጫኑት» አልኳቸው፣ ከፊደሉም ከቁጥሩም ፊት የዶላር ምልክት ገባ፣ ያ ማለት ሴሉ ተቆልፏል አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ድጋሚ ጎተቱት፣ ሁሉም ልክ ሆነ። በእጅ ካልኩሌተር አንድ በአንድ ሲያባዙ ነበር የከረሙት። ዎርድ ላይ ኤፍ4 የመጨረሻ የሰራችሁትን ነገር ይደግመዋል፣ አንዱን ቃል ቀለም ከቀባችሁ ሌላውን መርጣችሁ ኤፍ4 ብቻ ነው።

የዛች ልጅ ሪሰርች ላይ ያዳነን ኤፍ9 ነው። አድቫይዘሯ ምእራፍ ሶስት ላይ ብዙ ስላስጨመሯት የማውጫው ገፅ ቁጥር በሙሉ ተበላሽቷል። ኮንትሮልና ኤ ተጫንኩ ሁሉም ተመረጠ፣ ከዛ ኤፍ9፣ የገፅ ቁጥሩ ብቻ ይታደስ ወይስ ሙሉው ብሎ ይጠይቃል፣ ሙሉውን በሉት። ይሄ የሚሰራው ግን ርእሶቹ በሄዲንግ ስታይል (ዎርድ ለርእስ ባዘጋጀው ቅርፅ) ከተሰሩና ማውጫውን ዎርድ ራሱ ካወጣው ነው፣ በነጥብ ነጥብ በእጅ የተፃፈ ማውጫ ላይ ኤፍ9 ምንም አያደርግም፣ ስለዚህ እባካችሁ ከመጀመሪያው በሄዲንግ ስሩት።

ዎርድ ላይ ኤፍ12 ሴቭ አዝ ነው፣ ፋይሉን በሌላ ስም ማስቀመጫ። አድቫይዘር ባረመ ቁጥር አዲስ ስም ስጡት፣ የድሮውን አታጥፉ፣ «የበፊቱ ይሻል ነበር» የሚሉበት ቀን ይመጣል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ግን በየመሀሉ ኮንትሮልና ኤስን አትርሱ፣ እሱ የኤፍ ቁልፍ ባይሆንም ሳልለው አላልፍም።

ሺፍት ይዛችሁ ኤፍ3 ዎርድ ላይ የእንግሊዝኛውን ትልቅ ፊደል ወደ ትንሽ፣ ትንሹን ወደ ትልቅ ያደርጋል፣ ካፕስ ሎክ በርቶ ግማሽ ገፅ ለፃፈ ሰው መድሀኒት ነው። አማርኛ ትልቅ ትንሽ ፊደል ስለሌለው በዩኒኮድ (የአማርኛ ፊደል የራሱ ኮድ ባለበት በአሁኑ አሰራር) የተፃፈ አማርኛ ላይ ምንም አያደርግም። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተፃፈ አማርኛ ላይ ግን እንዳትነኩት፣ እነሱ ከስር የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆኑ ፅሁፉ ይበጠበጣል። ከነካችሁት ቶሎ ኮንትሮልና ዜድ።

ኤፍ5 ብሮውዘር ላይ ገፁን ያድሳል። የኦንላይን ፎርም ሞልታችሁ ከላካችሁ በኋላ ግን ኔትወርክ ዘገየ ብላችሁ እሱን አትቀጥቅጡት፣ ድጋሚ ልላክ ወይ ብሎ ከጠየቃችሁም ካንስል በሉት፣ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላል። ዲፌንስ ያላችሁ ደግሞ ፓወርፖይንት ላይ ኤፍ5 ከመጀመሪያው ስላይድ ያስጀምራል፣ ሺፍት ኤፍ5 ካላችሁበት ስላይድ። መሀል ላይ ቢቋረጥባችሁ ፈታኞቹ ፊት ከስላይድ አንድ እየጀመራችሁ እንዳትለፉ ይቺን ያዙ።

ኤፍ1 እርዳታ፣ ኤፍ7 ዎርድ ላይ ስፔሊንግ ማረሚያ፣ ኤፍ11 ብሮውዘሩን ሙሉ ስክሪን የሚያደርግ ነው፣ ለመመለስም ራሱኑ። ሺፍት ኤፍ10 ራይት ክሊክ ነው፣ ማውስ ሲሞት በጣም ያስፈልጋችኋል።

አልት ይዛችሁ ኤፍ4 የተከፈተውን ፕሮግራም ይዘጋል፣ ሴቭ ያልተደረገ ካለ ይጠይቃችኋል፣ እዚህ ጋ ሳታነቡ አትለፉ። ሁሉም ተዘግቶ ዴስክቶፑ ላይ ስትሆኑ ያንኑ ብትጫኑ ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት ሳጥን ይመጣል፣ ሸት ዳውን የሚለው ላይ መሆኑን አይታችሁ ኢንተር። ያን ሌሊት ከስድስት ሰአት በኋላ ልጅቷን ባጃጅ ካሳፈርኳት በኋላ ኮምፒውተሩን ያጠፋሁት በሱ ነው።