ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ ሰርቨር ዝም ብሎ ሪስታርት ሲያደርግ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሰርቨር የሚጠግን ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰማው አቤቱታ አንድ ነው፦ «ዝም ብሎ ሪስታርት ያደርጋል»። ዝም ብሎ ሪስታርት የሚያደርግ ሰርቨር የለም። ምክንያት አለው። ብዙ ጊዜም ምክንያቱን ማሽኑ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። ችግሩ እኛ ሳናነብ ካቻቢቴ ማንሳታችን ነው።

ይህን የምጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል ለብቻቸው ለተመደቡ ወጣቶች ነው። አለቃ በር ላይ ቆሞ «አልቋል ወይ?» እያለ መፈተሽ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አንዳንዱ ስህተት ከመጠን በላይ ስለተደጋገመ መነገር አለበት።

ፎርማት ማድረግ

ላፕቶፑ ተንቀራፈፈ፣ ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ፣ ፎርማት። ሰርቨሩ ሌሊት ሌሊት ሪስታርት ያደርጋል፣ አሁንም ፎርማት። እባካችሁ ይብቃ! ፓወር ሰፕላዩ የደከመ ማሽን ላይ አዲስ ዊንዶውስ ብትጭኑ አዲሱም እንደ አሮጌው ይወድቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማስረጃው መጥፋቱ ነው። የወራት ሎግ፣ ማለትም ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ፣ በአንድ ከሰዓት ተጠርጎ ይሄዳል። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ባዶ ማሽን ይጠብቀዋል፤ ሰርቨሩ እንደገና እስኪወድቅ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ውጪ ምንም ማድረግ አይችልም።

ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ ኢቨንት ቪውወርን ክፈቱና ሲስተም የሚለውን ሎግ እዩ። ሦስት ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ። 1074 ካገኛችሁ ሰው ወይም ፕሮግራም አዞ ያስነሳው ነው። ብዙ ጊዜ አፕዴት ነው፤ ሃርድዌሩን ተዉት። 6008 የሚለው «ያለፈው መዘጋት ያልተጠበቀ ነበር» ማለት ነው። ዋናው 41 ነው፣ ከርነል ፓወር የሚለው። እሱን ካያችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ግቡና በግቼክ ኮድ የሚለውን ፈልጉ። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ ነበር፤ ድራይቨርም ራምም ሊሆን ይችላል። ዜሮ ከሆነ ግን ዊንዶውስ ምንም ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም። ያኔ ወይ መብራቱ ነው፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ወይ ማሽኑ ጭራሽ ስታክ አድርጎ (ደርቆ ቀርቶ) ነበር።

ሊኑክስ ላይም ነገሩ ያው ነው። በሥርዓት የተዘጋ ማሽን ሰርቪሶቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ ሎጉ ላይ ይታያል። ኤሌክትሪክ የተነጠቀ ማሽን ግን ተራ ሥራውን እየጻፈ ሳለ ድንገት ይቋረጣል፤ ቀጣዩ መስመር የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) መነሻ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ጊዜ አስሉ። ሰርቨሩ ለመነሳት የሚፈጅበትን ያህል ብቻ ከሆነ መቋረጡ የቅጽበት ነበር። ከዚያ በጣም ከረዘመ መብራት ሄዶ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጆርናሉ (ሊኑክስ ሎጉን የሚያስቀምጥበት) ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ካልተደረገ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የቀድሞው ይጠፋል። ያንን ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ሦስተኛ መልክም አለ። ሎጉ ጸጥ ይላል፣ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ምንም አይጻፍም፣ ከዚያ ማሽኑ ይነሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ስታክ ያደረገ ማሽን ነው፤ ያስነሳውም ዋችዶጉ፣ ማለትም ማሽኑ መልስ ሲያጣ በግድ የሚያስነሳው ጠባቂ ነው። ኤችፒ ሰርቨሮች ላይ ኤኤስአር የሚባለው ይህን የሚሠራ ሲሆን ካልነካችሁት 10 ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚያስነሳው። እንዲህ ሲሆን ፓወር ሰፕላይ መቀየር ከንቱ ድካም ነው። ስታክ ያስደረገውን ፈልጉ፤ ሬይድ ካርዱን (ዲስኮቹን አጣምሮ የሚያስተዳድረውን)፣ ዲስኩን፣ ራሙን።

አይሎን ወይም አይድራክን አለመክፈት

ሰርቨሩ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ኤችፒ ላይ አይሎ፣ ዴል ላይ አይድራክ ይባላል። ዋናው ማሽን ቢጠፋም ገመዱ ላይ ኃይል እስካለ ድረስ ነቅቶ ይመዘግባል። የትኛው ራም ስህተት እንዳመጣ፣ የትኛው ፓወር ሰፕላይ ግብዓት እንዳጣ፣ የትኛው ፋን እንደቆመ ከነቦታው ይነግራችኋል። ፓስወርዱ ጠፍቶ ለዓመታት ያልተከፈተ አይድራክ ስንቱን አይቻለሁ።

ስትከፍቱት ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ጥበቃው «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፋኑ ጮኸ» ይላችኋል። ዊንዶውሱ ላይ 03:00 ተጽፏል። አይድራኩ ደግሞ 00:00 ይላል፤ ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እንደመጣ ቀርቷል፣ እኛ ደግሞ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ሰው «በዚያ ሰዓት የተመዘገበ የለም» ብሎ ትክክለኛውን መስመር አልፎት ይሄዳል።

መብራቱን ሳያዩ ሰርቨሩን መወንጀል

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ግቢ ተከራይቶ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሰርቨሩ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ይወድቃል። ራም ተቀይሮለታል። ፎርማትም አልቀረለትም። ሎጉ 41 ይላል፣ ኮዱ ዜሮ። አይሎው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ግብዓት አጣ ይላል። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ) አረንጓዴ እያበራ ነው፤ መብራትም ሄዶ አያውቅም። የወደቀባቸውን ቀኖች ወረቀት ላይ አሰፈርንና ለግቢው ሰዎች አሳየናቸው። መልሱን የሰጡን ምግብ የሚያበስሉት እናት ናቸው። «እንዴ፣ ይሄማ እንጀራ የምጋግርበት ቀን ነው እኮ ልጄ!»

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ኩሽናውና የሰርቨሩ ክፍል ከቆጣሪው የሚሳቡት በአንድ ቀጭን ገመድ ነበር፤ መገጣጠሚያውም ላልቷል። ቀድሞውንም 195 ቮልት አካባቢ የነበረው ሶኬት ምጣዱ ሲሰካ ከ170 በታች ወረደ። ቮልቴጁ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ የሚዞርበት ወሰን ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ዩፒኤሱ ወደ ባትሪው ሲዞር ባትሪው ሞቷል። ሰርቨሩ ይወድቃል፣ ኃይሉ ሲመለስ ራሱ ይነሳል። ለምጣዱ የራሱ መስመር ተዘረጋለት፣ የዩፒኤሱ ባትሪ ተቀየረ፣ ነገሩ አበቃ። ከሰርቨሩ ውስጥ የተበላሸ አንድም ዕቃ አልነበረም።

የዩፒኤስ አረንጓዴ መብራት ስለ ባትሪው የሚነግራችሁ ነገር ጥቂት ነው። እነዚህ የታሸጉ የሊድ አሲድ ባትሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያሉ፤ ሙቀት ካለ ደግሞ ቶሎ ያልቃሉ። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ ሰርቨሩን በሥርዓት ዘግታችሁ፣ ሌላ ጭነት (ኃይል የሚስብ ዕቃ) ሰክታችሁ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉና ምን ያህል እንደሚይዝ እዩ። ሰርቨሩ በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ዩፒኤሱ ራሱን የሚፈትሽበትን ቀን ተመልከቱ። የኤፒሲ ስማርት ዩፒኤሶች ካልቀየራችሁት በየ14 ቀኑ ራሳቸውን ይፈትሻሉ። በፍተሻው ጊዜ ጭነቱ ባትሪው ላይ ያርፋል፤ ባትሪው ከሞተ ሰርቨሩ አብሮት ይሄዳል።

ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ከአቅሙ በላይ ሊያስጨንቀው ይችላል።

ሁለቱንም ፓወር ሰፕላይ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት

ሁለት ፓወር ሰፕላይ የተገዛው አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲሸከም ነው። ሁለቱም አንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ግን የዲቫይደሩ ማብሪያ ማጥፊያ ሲላላ ሁለቱም እኩል ይወድቃሉ። አንዱን ዩፒኤሱ ላይ፣ ሌላውን ሌላ መስመር ላይ አድርጉት።

ከተለያዩም በኋላ ችግሩ ካልቆመ በየተራ አንዳቸውን ነቅላችሁ ሰርቨሩን በአንዱ ብቻ አሠሩት። ጥፋቱ የትኛውን ፓወር ሰፕላይ እንደሚከተል ይታያችኋል። መልቲሜትር ላይ 12 ቮልት ስላያችሁ ብቻ «ደህና ነው» አትበሉ። ለሚሊ ሰከንዶች የሚወርድ ቮልቴጅ መልቲሜትር ላይ አይታይም፤ ማሽኑን ለመጣል ግን ይበቃል።

ከፍታውን መርሳት

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ማኑዋላቸው ላይ እስከ 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ መሥራት ይችላሉ ይላል። ሥሩ ላይ ግን ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቀንሱ የሚል አለ። ለእኛ ሲሰላ ወደ 31 ዲግሪ ይሆናል። በሚያዝያ ቀትር፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀርም። በጋውን ሙሉ የገባ አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፍ ከደፈነው ደግሞ ባሰ።

ሙቀትን ከሌላው መለየት ግን ከባድ አይደለም። እጅግ የጋለ ፕሮሰሰር መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልሆነለት ማሽኑን ያጠፋዋል። ጠፍቶ ከቀረ ሙቀትን ጠርጥሩ። ጠፍቶ ወዲያው የሚነሳ ከሆነ ቀድማችሁ ሌላውን እዩ።

ራሙን በላጲስ መፈተግ

ላጲስ የራሙ ጥርሶች የተለበጡበትን ወርቅ ይልጣል፣ ፍርፋሪውም ሶኬቱ ውስጥ ይቀራል። አይሶፕሮፒል አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ተጠቀሙ።

ራሙን ነቅሎ መመለስ ብቻውን ችግሩን የሚደብቅበት ጊዜም አለ፤ ለሳምንት ደህና ይሆንና ይመለሳል። ስለዚህ አይሎው ወይም አይድራኩ የጠቀሰውን ራም ከሌላው ጋር ቦታ አቀያይሩት፤ ሌላ ነገር አትንኩ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው። እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ነው። ኢሲሲ ራም የአንድ ቢት ስህተትን ራሱ አርሞ ይቀጥላል። «ታርሟል» የሚለው መልእክት በአንድ ሶኬት ላይ ሲደጋገም ግን ዝም አትበሉት። ማረም የማይችለው ስህተት የመጣ ዕለት ማሽኑ ይወድቃል።

ሥራ የፈታ ማሽን መፈተሽ

ዎርክሾፕ ወስደው ያበሩታል፣ ቀኑን ሙሉ ደህና ይውላል፣ «ምንም የለውም» ብለው ይመልሱታል። ጭነት የሌለበት ሰርቨር የደከመ ፓወር ሰፕላዩን አያሳያችሁም። ስትረስ-ኤንጂ (stress-ng) የሚባለውን የመሰለ ፕሮግራም ጭናችሁ ፕሮሰሰሩንም ራሙንም አንድ ላይ አስጨንቁት፣ ሌሊቱንም ይደር።

ሳያረጋግጡ ዕቃ ማዘዝ

ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ አዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል። በግምት የታዘዘ ማዘርቦርድ መጥቶ ችግሩ ካልቆመ ገንዘቡም ጊዜውም ሄዷል፤ አለቃችሁ ሁለተኛውን ግዥ ለመፈረም እጁ አይፈታም። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየርም ያው ነው። ቢቆም እንኳ የትኛው እንዳቆመው አታውቁም፤ ሁለቱን ደህና ዕቃዎች የተበላሹ አድርጋችሁ ትጥላላችሁ።

የወጣውን ዕቃ ሳይጽፉበት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ

የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ከወራት በኋላ ሌላ ልጅ ያገኘውና «ትርፍ አለን» ብሎ ሌላ ሰርቨር ላይ ይሰካዋል፤ ያም ሰርቨር ዝም ብሎ ሪስታርት ማድረግ ይጀምራል። ስለዚህ እንደወጣ ፕላስተር ለጥፉበትና ከየትኛው ማሽን እንደወጣ፣ መቼ እንደወጣ፣ ጭነት ሲበዛበት ነው ወይስ ባዶውን የሚወድቀው፣ በማርከር ጻፉበት።