ለቤት ጄኔሬተር ሲገዙና ሲያስገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቤት የሠራ ሰው መብራት ሲሄድ የሚቸገረው በጨለማው ብቻ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው የሚሞላው በዲናሞ ነው፤ እንጀራው የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ አንድ ዛፍ መስመር ላይ ከወደቀ ሰፈሩ ሳይበራለት ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ጄኔሬተር እንደ ቅንጦት አይታይም። የሚያሳስበኝ ገዢው ሐሳቡን ሁሉ ዋጋውና ኪሎዋቱ ላይ መጣሉ ነው። ሰው የሚሞተው ጄኔሬተሩ በተቀመጠበት ቦታና በተገናኘበት መንገድ ምክንያት ስለሆነ፣ ከእነዚህ ሁለቱ እጀምራለሁ።

ጄኔሬተሩን ሰው ከሚተኛበት አጠገብ ማስቀመጥ

በብዙ ግቢ ውስጥ ጄኔሬተሩ የሚገባው በዋናው ቤትና በሰርቪስ ቤቱ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከላይ ቆርቆሮ አለ፣ ዝናብ አይነካውም፣ ሌባም አያየውም። ግን ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ጢሱ መውጫ የለውም፤ የሰርቪሱ ክፍል መስኮትም በቀጥታ ወደዚያው ይከፈታል። እዚያ ክፍል ውስጥ የምትተኛው ሠራተኛ ወይም ተከራይ ናት።

ከጄኔሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። መስኮት መክፈት አያድንም፤ እንዲያውም ጢሱ የሚገባው በእሱ ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ውስጥ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶም ቢሆን አይነሳም። የኮንዶሚኒየም በረንዳና ኮሪደርም እንደዚያው።

ቢያንስ 6 ሜትር ከማንኛውም በርና መስኮት ይራቅ፤ የጎረቤት መስኮትም ይቆጠራል። የጢሱ ቱቦ ወደ ክፍት ቦታ ይዙር። ለዝናቡ ከፍ ያለ የሲሚንቶ መደብ ሠርቶ ከላይ ጣሪያ ማልበስ ይበቃል፤ ዙሪያውን በቆርቆሮ ማፈን ግን ጢሱንም ሙቀቱንም ያስቀራል፣ ሞተሩም ይግላል። ጄኔሬተሩ እየሠራ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ከዚያ ማጥፋት፤ የታመመውንም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

በሁለቱም ጫፍ ስፒና ባለው ገመድ ሶኬት ውስጥ መሰካት

ይህ በየሰፈሩ ይሠራል፤ በጣም መጥፎው ልማድም ይኸው ነው። አንዱን ስፒና ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ቤት ውስጥ ካለ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት። ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሪሻን ራሱ ያዘጋጅልዎታል።

መንገድ ላይ ያለው ትራንስፎርመር 15,000 ቮልቱን ለቤት ወደሚሆነው 220 ቮልት የሚያወርድ ነው። ከታች በኩል 220 ሲገባበት ግን ወደ ላይ ያንኑ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊያወጣ ይችላል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ የሚሞተው በእርስዎ ጄኔሬተር ነው። መብራት በድንገት ሲመጣ ደግሞ ጄኔሬተሩ ራሱ ሊቃጠል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። «ዋናውን ብሬከር አጠፋዋለሁ» የሚል መልስ ሁልጊዜ እሰማለሁ፤ አንድ ቀን እርስዎ በሌሉበት ልጅ ወይም ጥበቃው ቢያበራውስ? ያም ባይሆን፣ ሞተሩ እየሠራ ስፒናው ከሶኬቱ ቢወጣ ጫፉ ላይ 220 ቮልት ራቁቱን ይታያል።

መፍትሔው ቼንጅ ኦቨር ነው። ማብሪያው ወይ ከመብራት ኃይል ወይ ከጄኔሬተር ብቻ ይወስዳል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት መንገድ የለም። የሚገባው ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከማከፋፈያው ቦርድ በፊት ነው። ለሲንግል ፌዝ ቤት፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣ አንድ ሽቦ ብቻ ለሚገባበት፣ ፌዙንም (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መመለሻውን ሽቦ) የሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል፣ ሦስት ፌዝ ለሚገባበት የስሪ ፌዝ ቤት ባለ አራት ፖል ይግዙ። አንዳንዱ ባለሙያ ፌዙን ብቻ ቀይሮ ኒውትራሉን እንደተያያዘ ይተወዋል፤ ያኛው ሥራ አላለቀም። የግራውንድ ዘንግ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ብረት) መቀበሩን፣ የጄኔሬተሩ ኒውትራልም ከግራውንዱ ጋር በትክክል መታሰሩን ይጠይቁ፤ ካልሆነ ሰው ሲይዘው እንዲቆርጥ የተገጠመው ብሬከር ላይሠራ ይችላል።

ከፍታውን መርሳት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነው። ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለባህር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። እኛ ዘንድ ሲደመር ከሩብ በላይ ነው።

እንግዲህ ሳጥኑ ላይ 5.5 ኪሎዋት የሚል ጄኔሬተር እንይ። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ማክሲመም፣ ማለትም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚችለው ነው። ያለማቋረጥ የሚሰጠው፣ ሬትድ የሚባለው 5 ይሆናል። ከዚያ ሩቡና ትንሽ ሲቀነስ ለገጣፎ ላይ 3.6 ገደማ ይቀራል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ሻጩ «ምጣዱንም ይችላል ጋሼ» ሲልዎ ምጣዱ ከነመብራቱና ከነፍሪጁ ነው የሚያስቡት፤ ቤት ሲደርሱ ግን ሞተሩ ያቃስታል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ቁጥሩ በኪሎዋት ሳይሆን በኬቪኤ ከተጻፈ ደግሞ ቅናሹን ከማስላትዎ በፊት በ0.8 ያባዙት።

ዲናሞ ሌላ ጠባይ አለው። የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ እየሠራ ወደ አንድ ኪሎዋት ይወስዳል፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት የዚያን ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ፍሪጅም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ድምሩን ሲሠሩ ትልቁ ሞተር ሲነሳ የሚፈልገውን ይጨምሩ።

የእኔ ምክር ምጣዱን ከሒሳቡ ማውጣት ነው። መብራት ባለበት ቀን ይጋገራል። ያለ ምጣድ፣ ለመብራት፣ ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥንና ለአንድ ዲናሞ 5 ኪሎዋት ሬትድ ለብዙ ቤት በቂ ነው። ምጣዱ የግድ ከሆነ ሬትዱ ከ7 ኪሎዋት በላይ ይሁን፤ ሲጋገር ዲናሞው አይነሳ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ በዝታችኋል፤ 7 ኪሎዋት የሚወስድ ቻርጀር በቤት ጄኔሬተር አይታሰብ።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፣ ነዳጁም በከንቱ ያልቃል። የካርቡሬተሩ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ክፍል) ለከፍታ በሚሆን አነስተኛ ጄት እንዲቀየር መካኒክ ማሳየት ያዋጣል። የጠፋው ጉልበት አይመለስም፣ ሞተሩ ግን በንጽህና ይነዳል።

ለሲንግል ፌዝ ቤት ስሪ ፌዝ መግዛት

7.5 ኬቪኤ ስሪ ፌዝ ጄኔሬተር በእያንዳንዱ ፌዝ የሚሰጠው 2.5 ብቻ ነው። ትልቅ ማሽን ገዝተው አንድ ምጣድ ያቃተው ለዚህ ነው። ስሪ ፌዝ ሞተር ከሌለዎት ሲንግል ፌዝ ይግዙ።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የመግለጫ ጽሑፍ ሳያነቡ መረከብ

220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ይበል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም ከሳዑዲ የመጣ አሮጌ ማሽን 60 ኸርዝ ነው፤ ዲናሞውና ፍሪጁ ከተሠሩበት ፍጥነት በላይ ይዞራሉ። በደቂቃ 1,500 የሚዞር የናፍጣ ሞተር ከ3,000ው ጸጥ ይላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ዋጋው ግን ከባድ ስለሆነ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ለማይጠቀም ቤት አልመክረውም።

ለአምፖልና ለዋይፋይ ጄኔሬተር መግዛት

ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የሚፈልገው መብራት፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያና ዋይፋይ ከሆነ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃዋል። መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲሄድ ይሰጣል፤ ጢስም የለው፣ ጎረቤትም አይረብሽ።

ነዳጁን በኋላ የሚታሰብ ነገር ማድረግ

5 ኪሎዋት የሚሆን የቤንዚን ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት ወደ 2 ሊትር ይጠጣል። በጀሪካን መቅዳት ብዙ ጊዜ ስለሚከለከል ከመግዛትዎ በፊት በአካባቢዎ ያለው ማደያ ምን እንደሚጠይቅ ይወቁ። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ለቤንዚን አይሆንም፤ ለነዳጅ የተሠራ መያዣ ይያዙ፣ ከማድ ቤትና ከከሰል ምድጃ ያርቁት። ሞተሩ ሳይጠፋና ሳይበርድ ነዳጅ አይጨመር። ቤንዚን ደግሞ ከጥቂት ወራት በላይ ሲቀመጥ ይበላሻል፤ ከክረምት እስከ ክረምት ታንከሩ ውስጥ የተኛ ቤንዚን ካርቡሬተሩን ይደፍናል።

ዘይት ሳይሞሉ ማስነሳት

አዲስ ጄኔሬተር ብዙውን ጊዜ ያለ ሞተር ዘይት ነው የሚመጣው። ሱቁ ውስጥ ለማሳያ ትንሽ ጠብ አድርገውበት ሊሆን ስለሚችል ቤት ሲደርስ በመለኪያው ዘንግ ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ። መብራት ባይሄድም በወር አንድ ጊዜ አስነስተው ፍሪጁን ወይም ዲናሞውን ጭነውበት ለ20 ደቂቃ ያህል ያሠሩት። ሊያጠፉት ሲሉ መጀመሪያ ጭነቱን ያንሱለት፣ ጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይዙር፣ ከዚያ ያጥፉት። ለረጅም ጊዜ የማይነካ ከሆነ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተው ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅና ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት።