የአፍ መጉመጥመጫ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። መጉመጥመጫ ፈልጎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በቀለም ነው። «ሰማያዊውን ስጪኝ» ይላል። እኔ ጠርሙሱን አዙሬ በደቃቁ የተጻፈውን አሳየዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ቡሩሽ። ፕላክ ማለት ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ጋ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው። ጠዋት ጥርሳችሁን በምላስ ስትዳስሱት ሸከርከር የሚለው እሱ ነው። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በሠሩት ሙጫ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ፤ ሙጫው ደግሞ መድኃኒት በቀላሉ አያስገባም። በቡሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ በታኘከ መፋቂያ ካላፈረሳችሁት፣ መጉመጥመጫው የሚነካው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ጠንክሮ ታርታር ከሆነማ ቡሩሽም አያነሳውም፣ ማሳጠብ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ጀርባ። ሴቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ ወይም ሲፒሲ የሚል ካለ ለዕለት ተዕለት ይሆናል። ቲሞል፣ ዩካሊፕቶልና ሜንቶል የሚል ካያችሁ ደግሞ ያ የሚያቃጥለው ዓይነት ነው። አንዳንዱ አልኮል ስላለው አፉ ለሚደርቅበት ሰው የሌለበትን እመርጣለሁ። የጥርስ ሳሙና ላይ ስታነስ ፍሎራይድ ካያችሁ ጥሩ ነው፤ ጥርስ እንዳይቦረቦር ይረዳል፣ ባክቴሪያውንም ያዳክማል።

ጉልበተኛው ክሎርሄክሲዲን ነው፤ 0.12 ወይም 0.2 በመቶ ይላል። የባክቴሪያውን የሴል ሽፋን ይበሳል፣ ጥርስና ድድ ላይም ተጣብቆ ለሰዓታት መሥራቱን ይቀጥላል። ግን ባሕርይ አለው። የጥርስ ሳሙናውን አረፋ የሚያስወጣው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ያከሽፈዋል። ስለዚህ ጥርሳችሁን ቦርሹ፣ በውሃ በደንብ ተጉመጥመጡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ባለ 0.2 በመቶው ከሆነ 10 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ አንድ ደቂቃ አፋችሁ ውስጥ አመላልሱት፣ ትፉት። ወዲያው ውሃ አታስከትሉበት። ጠዋትና ማታ።

አንዲት እናት «አቦሉን ጠጥቼ ልጉመጥመጥ ወይስ ተጉመጥምጬ ልጠጣ?» ብለው ጠየቁኝ። ከመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ቡናውን አስቀድሙ። ክሎርሄክሲዲን ጥርስ ላይ ካለ ቡናና ሻይ ቡናማ ቀለም ያሲዙታል፤ ቀለሙን ሐኪም ያስለቅቀዋል፣ እናንተ ግን አትችሉም። ጣዕምም ይቀይራል፣ በተለይ የጨውን። እሱን እየተጠቀማችሁ ወጡ ጨው አነሰው ብላችሁ ባለሙያዋን አታስቀይሙ።

ሐኪም ካላዘዘ ከሁለት ሳምንት በላይ አትጠቀሙት። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ የትኛውም መጉመጥመጫ አይሰጥም፣ ይውጡታል። ሁለት ሳምንቱ አልቆም ድዳችሁ እየደማ ከመጣችሁ ሌላ ጠርሙስ አልሸጥላችሁም፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ነው የምልካችሁ።